«አይ ዊል ኦልዌይስ ላቭ ዩ» ለሠርግ ይሆናል? ሦስተኛው አንጓስ የት ገባ?

ኪቦርድ ተጫዋቹ፦

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። አዲስ አበባ ውስጥ በየሠርጉ የሚጫወት የአምስት ሰው ባንድ አለን፤ እኔ ኪቦርዱ ላይ ነኝ። የዛሬ ሦስት ሳምንት ለሚደረግ ሠርግ ተዋውለናል። ሙሽሪት ከእኛ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አዳራሽ ገብተው ከሙሽራው ጋር ብቻቸውን ለሚደንሱት ዳንስ የዊትኒ ሂውስተንን «አይ ዊል ኦልዌይስ ላቭ ዩ» እንድንጫወትላት። ማን እምቢ ይላል? ቀብድ ተቀበልን፤ ነገሩ አለቀ አልን።

ያላለቀው ከሙሽራው አጎት ጋር ነው። ዳላስ ውስጥ ሃያ ዓመት ኖረው የተመለሱ ሰው ናቸው፤ የሠርጉ ወጪ ግማሹ ከእሳቸው ኪስ ነው ይባላል። የዘፈኖቹን ዝርዝር ሲያዩ እዚህ ላይ ቆሙ። «ይህ እኮ የመለያያ ዘፈን ነው! ሴትየዋ ልሄድ ነው፣ ደህና ሁን ነው የምትለው። በወንድሜ ልጅ ሠርግ እንዴት ይህ ይዘፈናል?» አሉ። ሙሽሪት አኮረፈች። የሙሽሪት እናት «እንግሊዝኛውን ማን ሊሰማው ነው፣ ዜማው ደስ ካለ አይበቃም?» አሉ። ከዚያ ሁሉም ዞረው እኔን አዩኝ፤ ሙዚቀኛ ነህና ፍረድ መሆኑ ነው። እኔ ደግሞ ዘፈኑን ሺህ ጊዜ ሰምቼው ከአዝማቹ በቀር አንድ ስንኝ አልያዝኩም።

ሁለተኛም ጉዳይ አለኝ። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አንድ የጫማ ካርቶን ሙሉ ካሴት ትቶልኛል። ላጠና ብዬ ስፈትሽ ይኸው ዘፈን ከአንዱ ውስጥ ተገኘ። የዘፈነችው ግን ዊትኒ አይደለችም። የሌላ ሴት ድምፅ ነው፤ ጠራ ያለ፣ የማይቸኩል፣ ጩኸት የሌለበት። አስተካክዬ ስሰማው ግጥሙ ሁለት አንጓ ብቻ ነው። ዊትኒ ከሳክስፎኑ በኋላ የምትለው ሦስተኛው አንጓ ጨርሶ የለም። ካሴቱን የገለበጠው ሰው ቴፕ ለመቆጠብ ቆርጦት ይሆን? ካሴቱ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ልዩ ልዩ የፈረንጅ ቁጥር 7» ከሚል በቀር ምንም አልተጻፈም።

ሦስተኛው የሙያ ጥያቄ ነው። የእኛ ድምፃዊት ድምፅዋ ወፍራም ነው፤ ታች ላይ የሚያምር፣ ላይ ሲወጣ የሚጨነቅ። በዊትኒ ኪይ፣ ማለትም እሷ በምትዘፍንበት የድምፅ ከፍታ፣ ሞክረን መጨረሻው ላይ ያልደረሰብንን አልነግራችሁም። ከየትኛው ቅጂ ብናጠና ይሻላል?

የድሮ ካሴት ሻጭ፣ ከፒያሳ፦

ልጄ፣ ሦስት ጥያቄ ጠይቀሃል፤ እኔ ከመሃለኛው ልነሣ፤ ሙያዬን ነክተሃልና።

ፒያሳ ውስጥ ለሃያ ዓመት ያህል ካሴት ቤት ነበረኝ። ካሴት እየገለበጥን እንሸጥ ነበር፤ ዛሬ አልኮራበትም፣ አልክደውምም። ነገር ግን የዘፈን ወገብ ቆርጠን አናውቅም። የስልሳ ደቂቃ ካሴት አንዱ ገጽ ሠላሳ ደቂቃ ነው፤ ሠላሳው ሲያልቅ የመጨረሻው ዘፈን አፉን እንደከፈተ ይቀራል። በዚያ ብትከስሰኝ እቀበላለሁ። ከመሃል አንድ አንጓ አውጥቶ ጫፍና ጫፉን መቀጠል ግን ምላጭና ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ለአንድ ካሴት ዋጋ ያን ያህል የሚደክም እብድ በሰፈራችን አልነበረም።

ካሴትህ ላይ ያለችው ሊንዳ ሮንስታት ናት። የአሪዞና ልጅ ናት። ዘፈኑ እ.ኤ.አ. በ1975 ባወጣችው «ፕሪዝነር ኢን ዲስጋይዝ» በተባለው አልበሟ ውስጥ አለ፤ ሦስተኛውን አንጓ የተወችው ራሷ ናት። እንግዲህ የጎደለው ገና ከአሜሪካ ሲነሣ ጎድሎ ነው፤ እኛ ከነገሩ ነጻ ነን። ይህች ጉድለት ግን ቀላል እንዳትመስልህ፤ እመለስባታለሁ።

አሁን ወደ አጎትየው። ግማሽ እውነት ይዘዋል። ዘፈኑን የጻፈችው ዶሊ ፓርተን ናት፤ ከቴነሲ ተራሮች ሥር፣ ከአሥራ ሁለት ልጆች አንዷ ሆና በድህነት ያደገች። እ.ኤ.አ. በ1967 ፖርተር ዋጎነር የሚባል ስመ ጥር የካንትሪ ዘፋኝ በቴሌቪዥን ዝግጅቱ ውስጥ አስገባት፤ ሕዝብ ያወቃት በእሱ በኩል ነው። ዓመታት ሲያልፉ እሷ ለብቻዋ መሥራት ፈለገች። እሱ ደግሞ ሂጂ የሚል ሰው አልነበረም። ተከራከሩ፣ ተኳረፉ፣ አልሆነም። በክርክር የማይሰማትን ሰው በምን ታስረዳው? ቤቷ ገብታ ይህን ዘፈን ጻፈች፤ ከዚያ ቢሮው ሄዳ «ተቀመጥ» ብላ ዘፈነችለት። እሷ ደጋግማ እንደምትተርከው ሰውየው አለቀሰ፤ ከጻፍሻቸው ሁሉ ይህ ይበልጣል፣ ቀረጻውን እኔ ከመራሁት መሄድ ትችያለሽ አላት። በ1973 ተቀዳ፤ በ1974 ወጥቶ በካንትሪ ሙዚቃ ሰንጠረዥ አንደኛ ሆነ።

ስለዚህ ስንብት ነው፤ ፍቺ ግን አይደለም። የሥራ መልቀቂያ ደብዳቤ ነው ብትል ይቀርባል፤ በዓለም ላይ ከተጻፉት ሁሉ ያማረው።

አማርኛችን እዚህ ላይ እንግሊዝኛው የሸሸገውን ያወጣዋል። የእነሱ «ዩ» አንተም ናት፣ አንቺም ናት፣ እርስዎም ናት። ዶሊ ያን ጊዜ 27 ዓመቷ ነበር፤ ፖርተር በ18 ዓመት ይበልጣታል፤ አለቃዋም ነው፣ ባለውለታዋም ነው። በአማርኛ ብትጽፈው ኖሮ ምን ልትል ነው? «እወድዎታለሁ» ነዋ! የእሷን ቅጂ በዚህ ጆሮ ስማው። አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ ድምፅዋን ሳታነሣ፣ ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ጨርሳ ትወጣለች። የታላቅ ሰው ደጅ ቆሞ የሚሰናበት ሰው አይጮህም። ዊትኒ ጋ ስትደርስ ደግሞ ያው ቃል «እወድሃለሁ» ሆኗል፤ የምትለየው የምትወደውን ወንድ ነውና። ከግጥሙ አንድ ፊደል አልተነካም፤ አንቱታው ግን ወደ አንተታ ወርዷል። ዘፈኑን በድጋሚ የተጫወቱት ሁሉ ልዩነታቸው ይህ ነው፤ የድምፅ ኃይል ጉዳይ አድርገው የሚከራከሩ ሰዎች ይገርሙኛል።

ዊትኒ የዘፈነችው እ.ኤ.አ. በ1992 ለ«ዘ ቦዲጋርድ» ፊልም ነው። መጀመሪያ የታሰበላት ሌላ የቆየ ዘፈን ነበር፤ እሱን ሌላ ፊልም ቀደማቸውና ተዉት። የዶሊን ዘፈን ያመጣው አብሯት የተወነው ኬቨን ኮስትነር ነው። አቀናባሪው ዴቪድ ፎስተር ለማጥናት የያዘው ቅጂ የማንን ይመስልሃል? የሊንዳ ሮንስታትን፤ ያንን ያንተን። ዶሊ በስልክ ስታነጋግረው «ሦስተኛው አንጓ እኮ አለ» አለችውና ቃሉን እዚያው በስልክ ነገረችው፤ ጻፈው። ያ ስልክ ባይደወል ኖሮ ዊትኒም እንደ ካሴትህ ሁለት አንጓ ብቻ ዘፍና ትቀር ነበር።

ያ አንጓ የሚለው ምንድን ነው? ኑሮ ይቅናህ፣ የተመኘኸው ሁሉ ይሁንልህ፣ ደስታ ይስጥህ፣ ከሁሉም በላይ ፍቅር አይለይህ ነው የሚለው። በእኛ አገር ይህ ምን ይባላል? ምርቃት ይባላል። ዶሊ ደግሞ አትዘፍነውም፤ ሙዚቃው ከሥር እየሄደ በንግግር ነው የምትለው፤ ምርቃት እንደሚባለው። ሮንስታት ድምፅዋ እንዴት ያለ ድምፅ ነው፣ እኔም እወዳታለሁ፤ ነገር ግን ሳትመርቅ ነው የሄደችው።

ስለ ዊትኒው አንድ የሱቅ ወሬ ላክል። ፊልሙ በየቪዲዮ ቤቱ ሲታይ፣ በ1985 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ ይህን ዘፈን ከማለዳ እስከ ማታ በበሩ ድምፅ ማጉያ እናሰማ ነበር። መጀመሪያው ለ40 ሰከንድ ያህል በባዶ ድምፅ ነው፤ መሣሪያ የለም። ኮስትነር ነው አሉ በዚህ የጸና፤ የሙዚቃ ኩባንያው ሰዎች ሬዲዮ አያጫውተውም ብለው ፈርተው ነበር። እኔ ሱቅ ምን ሆነ? ሰዎች ካሴቱን ገዝተው ሄደው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተመልሰው ይመጣሉ። «ጌታው፣ በደንብ አልተቀዳም፤ ሴትየዋ ብቻ ናት ያለችው፣ ሙዚቃው የለም!» ታገሡ እላለሁ፣ ካሴት ማጫወቻው ውስጥ እከታለሁ፣ ሁላችንም ቆመን እንጠብቃለን። ሙዚቃው ሲገባ ሰውየው አንገቱን ይደፋል። ወደ መጨረሻውም ዝም ትልና ከበሮው አንድ ጊዜ ጓ! የሚልበት ቦታ አለ፤ አንዲት እናት እዚያ ዝምታ ላይ ቴፑ ነከሰ ብለው ማጫወቻዬን በጥፊ መትተውብኛል። እንዲያ ያለውን ዘፈን አሜሪካኖቹ ለ14 ተከታታይ ሳምንታት አንደኛ አደረጉት፤ ሬዲዮውም አልጠላውም።

ሰዉ ሁሉ ግን የዘፈኑን መጨረሻ ብቻ ነው የያዘው። ሰካራም እንኳ ማታ ሲያልፍ ያችን የመጨረሻዋን ጩኸት ነው የሚሞክራት።

ከናሽቪል፦

ጋሼ ያሉት ሁሉ ትክክል ነው፤ እኔ ከቅርብ ስላለሁ ጥቂት ልጨምር። የቴነሲ ዋና ከተማ በሆነችው ናሽቪል ውስጥ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ከአገር ቤት እንግዳ በመጣልኝ ቁጥር ኖለንስቪል መንገድ ላይ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች ባንዱ አበላና ዘፈኑ የተቀዳበትን አርሲኤ ስቱዲዮ ቢን አስጎበኛለሁ። ትልቅ ነገር ጠብቀው ይመጡና «ይኸው ነው?» ይላሉ። አንድ ክፍል ነው፤ ፒያኖ አለ፣ ወለሉ ተራ ወለል ነው። ኤልቪስ ፕሪስሊ ከ200 በላይ ዘፈኖች የቀዳው እዚያው ክፍል ውስጥ ነው።

ኤልቪስን ያነሣሁት በምክንያት ነው። ይህን ዘፈን ሊዘፍነው ፈልጎ ነበር። ለዶሊ ተነገራት፣ በደስታ ልትሞት ደረሰች። ከዚያ የኤልቪስ ሥራ አስኪያጅ ኮሎኔል ቶም ፓርከር ደውሎ ኤልቪስ የሚዘፍነውን የማንንም ድርሰት የአሳታሚነት መብቱን ግማሽ እንወስዳለን አላት። ማንም ድምፃዊ የታተመ ዘፈን የተወሰነውን ክፍያ እየከፈለ በድጋሚ መሥራት ይችላል፤ ሰውየው የጠየቀው ከዚያ አልፎ የንብረቱን ግማሽ ነው። እምቢ አለች። ሌሊቱን ሙሉ ሳለቅስ አደርኩ ብላለች። እምቢ በማለቷ ኤልቪስ ሳይቀዳው ሞተ።

ዊትኒ ስትዘፍነው ግን የደራሲነቱ ገንዘብ ከማንም ጋር ሳይከፋፈል ለዶሊ ገባ። እዚህ አገር የተለመደው ሬዲዮ ዘፈን ሲያስተላልፍ የሚከፍለው ለደራሲው እንጂ ለዘፋኙ አይደለም፤ እኔም መጀመሪያ ስሰማ አላመንኩም። ያ ሁሉ ሬዲዮ ዊትኒን ሲያጫውት የሚቆጥረው ለዶሊ ነበር ማለት ነው። ከዚያ ገንዘብ እዚሁ ናሽቪል ውስጥ በአብዛኛው ጥቁሮች ይኖሩበት በነበረ ሰፈር የቢሮ ሕንጻ ገዛች፤ ዊትኒ የሠራችው ቤት ነው ትለዋለች። የዊትኒን ቅጂ መጀመሪያ የሰማችው መኪና እየነዳች ነው። ባዶ ድምፁ ሲጀምር አላወቀችውም፤ አዝማቹ ሲመጣ ግን እንዳትጋጭ ፈርታ መኪናዋን ዳር ይዛ ቆመች።

ወንድሜ፣ ለአጎትየው አንድ ነገር ንገራቸው። በፊልሙ ውስጥ ራሱ ይህ ክርክር አለ። ኮስትነርና ዊትኒ አንድ መጠጥ ቤት ውስጥ ሲደንሱ ይኸው ዘፈን በካንትሪ ስልት፣ በጆን ዶ ድምፅ ይሰማል፤ እሷ ግጥሙን አዳምጣ እንዴት የሚያሳዝን ዘፈን ነው ብላ ትስቃለች። እየሳቀች ግን መደነሷን አላቆመችም። እ.ኤ.አ. በ2012 ኒዋርክ ውስጥ ከልጅነት ቤተ ክርስቲያኗ የዊትኒ አስከሬን ሲወጣ ያሰሙትም ይህንኑ ዘፈን ነው። እኔ በሰው ሠርግ አልፈርድም፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ሠርግ ላይ ስሰማው እጄ ለጭብጨባ አይነሣልኝም።

ሚዜው፦

የራሳችን የሠርግ ዘፈን አልቆብን ነው? ሙሽሪት ጠዋት ከእናቷ ቤት ስትወጣ የሚዘፈነው ምንድን ነው ታዲያ፣ ሽኝት አይደለም? እናት ታለቅሳለች፣ አክስቶች ያለቅሳሉ፣ አባት ኮቱን እያስተካከለ ፊቱን ያዞራል። ለስንብት ቴነሲ ድረስ መሄድ አያስፈልግም።

የድሮ ካሴት ሻጭ፣ ከፒያሳ፦

ሚዜው የተቆጣ መስሎት ትልቅ ነገር ተናገረ። እኛ ዘንድ ሠርግና ስንብት መቼ ተለያይተው ያውቃሉ? አጎትየው ሃያ ዓመት ዳላስ ተቀምጠው ይህን ረስተውት ካልሆነ በቀር።

የመዘምራን አሠልጣኝ፦

ስለ ኪዩ እኔ ልናገር፤ እስካሁን ማንም አልመለሰልህም።

ዊትኒ የምትዘፍነው በኤ ነው። ከከበሮው ምት በኋላ ወደ ቢ፣ አንድ ሙሉ ቶን ወደ ላይ ትወጣለች። ሰው ሁሉ የሚፈራው ያንን መውጣት ነው፤ እውነተኛው ወጥመድ ግን መጀመሪያው ላይ ነው። ዘፈኑ ከታች በጣም ዝቅ ብሎ ይጀምራል። «ላይ አልደርስም» ያለች ድምፃዊት ኪዩን አራት አምስት እርምጃ ታወርደዋለች፤ ያን ጊዜ መጨረሻው ይቀልላታል፣ የመጀመሪያዎቹ ስንኞች ደግሞ ደረቷ ውስጥ ገብተው ይጠፋሉ። በባዶ ድምፅ የሚጀመር ዘፈን ላይ መጀመሪያው ካልተሰማ ምን ቀረ?

ስለዚህ ወደ ጂ ብቻ አውርዱት፣ አንድ ቶን። ላይኛውን መውጣት ደግሞ ተዉት፤ ኪይ መቀየር ግዴታ አይደለም። በጂ ጀምራችሁ በጂ ጨርሱ። ከበሮውንም አትምቱት፤ ጓ ካለ በኋላ አዳራሹ በሙሉ የዊትኒን ድምፅ ይጠብቃል፣ ልጅቱን በሕዝብ ፊት ማጋለጥ ነው። እኔ ጋ የመጡ ስንት ወጣቶች ከዚያች ምት በኋላ ጉሮሯቸው ሲዘጋ አይቻለሁ። ዊትኒ ኒዋርክ ውስጥ በቤተ ክርስቲያን መዘምራን መካከል፣ ከዘፋኝ እናት ሥር ያደገች ናት። ያንን ያህል ትንፋሽ በሦስት ሳምንት አይሰጡም።

ሳክስፎን ካላችሁ ሳክስፎኑን አትተዉት። በዊትኒው ላይ የነፋው ኪርክ ዌለም ነው፤ እሱም የቴነሲ ሰው ነው፣ የሜምፊስ። ዜማውን ብዙም ሳያወሳስብ ነው የሚነፋው፤ የእናንተም ሰው ይህን ይስማልኝ፤ የሠርግ ሳክስፎን ተጫዋቾች ቦታ ካገኙ መቼ እንደሚወርዱ አይታወቅም።

ልምምዱን በሮንስታት ጀምሩ፤ አዘፋፈኗ ለወፍራም ድምፅ ይመቻል። ቀጥላችሁ የዶሊን ስሙ። እ.ኤ.አ. በ1982 ለፊልም እንደገና ቀድታው ያም በካንትሪው ሰንጠረዥ አንደኛ ወጥቷል፤ በ1995 ደግሞ ከቪንስ ጊል ጋር በሁለት ድምፅ ተጫውታዋለች። ለእናንተ ግን የ1974ቱ ይበቃል። ዊትኒን ለአንድ ሳምንት አትክፈቷት።

ኪቦርድ ተጫዋቹ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ልምምድ አድርገናል፤ የሆነውን ልንገራችሁ።

ጋሼ፣ የጻፉትን ወስጄ ለሙሽሪት አነበብኩላት። እወድዎታለሁ የሚለው ጋ ስደርስ ዝም አለች። ቆይታ «እንግዲያው ከሙሽራዬ ጋር አልደንስበትም፤ ከእናቴ ጋር ነው የምደንስበት» አለች። እናቷ ብቻቸውን ናቸው ያሳደጓት። እወድሻለሁ ሆነ ማለት ነው፤ ይህኛውን እርስዎም አልቆጠሩትም። ለሙሽራውና ለእሷ ዳንስ ሌላ የአማርኛ ዘፈን መርጠናል፤ ሚዜው ደስ ይበለው።

አጎትየው ልምምዱ ላይ መጡ። ፊታቸውን አጥቁረው ከበሩ አጠገብ ወንበር ይዘው ተቀመጡ። ድምፃዊታችን በጂ፣ በባዶ ድምፅ ጀመረች፤ ተሰማ። ከሳክስፎኑ በኋላ ሦስተኛውን አንጓ አልዘፈነችውም፤ እኔ ኮርዶቹን ቀስ እያልኩ ስደጋግም እናትየው በአማርኛ እንዲመርቁ ነበር ያሰብነው። እናትየው ማይክሮፎኑን ሲይዙ እንባ ቀደማቸው፣ ቃል ጠፋ። ከዚያ ማን ቢነሣ ጥሩ ነው? አጎትየው። «ምርቃት ከሆነማ የእኔ ድርሻ ነው» ብለው ማይክሮፎኑን ተቀበሉ። እንደ ወይራ ጽኑ አሉ፣ ውለዱ ክበዱ አሉ፣ የወለዳችሁት ይባረክ አሉ፣ ወደ ሙሽራው አያቶች ዞሩ፣ ከዚያ ወደ አገር ሰላም ተሻገሩ። እኔ አራት ኮርድ እየዞርኩ ዘጠኝ ደቂቃ ቆጠርኩ። ሳክስፎን ተጫዋቻችን ተቀመጠ። በስተመጨረሻ ሁላችንም ባንድ ላይ ጮክ ብለን «አሜን!» ስንል ነው የቆሙት። ድምፃዊቷ ወዲያው አዝማቹን አነሣች፤ ቆይቶ ስለመጣ ነው መሰለኝ እስካሁን ካዘፈንኳት ሁሉ የበለጠ አማረባት።

በሠርጉ ዕለት ከሁለት ደቂቃ እንዳያልፉ የሚነግራቸው ሰው እየፈለግን ነው። እኔ አልደፍርም።

የድሮ ካሴት ሻጭ፣ ከፒያሳ፦

ለእናትየው ከፊት ወንበር አስቀምጡላቸው፤ ቆመው አይችሉም። አጎትየውን ተዋቸው፣ ይመርቁ።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ካሴቱ ላይ የተጻፈውን 7 ቁጥር እየው እስቲ። መሃሉ ላይ አጭር ሰረዝ አለው?

ኪቦርድ ተጫዋቹ፦

አየሁት ጋሼ። ሰረዝ የለውም። ላይኛው ጫፉ ላይ ትንሽ ጭራ አለው።

የድሮ ካሴት ሻጭ፣ ከፒያሳ፦

እንግዲያው የእኔ አይደለም፤ ከመንገዱ ማዶ የነበረው የጎረቤቴ ነው። እኔ ሁልጊዜ ሰረዝ አደርግ ነበር፤ እሱ ጭራ ነበር የሚያበዛው። ሮንስታትን ያዋስኩት እኔ ነኝ፤ ሸክላዋን እስከ ዛሬ አልመለሰም።